የማሪሊስ ውሾች ድርብ ጥፍር

አክስቴ ማሪሊስ ሰው ውሻ ይዞ ወደ ቤቷ ሲመጣ የሰውየውን ፊት አታይም። ጎንበስ ብላ የውሻውን የኋላ እግር ነው የምታነሳው። ከዚያ በኋላ ነው "እንዴት ዋላችሁ" የምትለው።

በእኛ በኦሶ ሸለቆ ነጩ የተራራ ውሻ በሁለቱም የኋላ እግሮቹ፣ በውስጥ በኩል ከመዳፉ ከፍ ብሎ፣ ሁለት ሁለት ትርፍ ጥፍር አለው። መሬት አይነኩም፣ እንዲሁ ተንጠልጥለው ነው የሚኖሩት። ድርብ ጥፍር ነው የምንላቸው። ድርብ ጥፍር የሌለው ውሻ እኛ ጋ ይጮሃል፣ ይበላል፣ ግን የተራራ ውሻ ብሎ የሚጠራው የለም።

ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ እሁድ ከፖ ከተማ ባልና ሚስት ቡችላ ሊወስዱ መጡ። ሴትዮዋ ቡችላውን ደረቷ ላይ አድርጋ "የኔ ጥጥ! የኔ ደመና!" ትላለች። ባልየው እግሩን ገለጥ አድርጎ አየና ፊቱን አጨማደደ።

"ይሄ የተንጠለጠለው ምንድን ነው?"

"ጥፍሩ ነዋ" አለች አክስቴ።

"ችግር የለም፣ ሐኪም ጋ ወስደን እናስቆርጠዋለን። ሶፋችን አዲስ ነው፣ ይቧጭረዋል።"

"ሶፋውን ለምን አታስቆርጡትም?"

ሰውየው የቀለደች መስሎት ሳቀ። አክስቴ ቡችላውን ከሴትዮዋ እቅፍ እንደ ዳቦ አንስታ ወሰደችው።

"በሉ ሶፋችሁን አሳድጉ" አለችና በሩን ዘጋችው።

እኔ አይብ ቤቱ ውስጥ ሆኜ በጨው ውሃ አይብ እያገላበጥኩ ነበር። ሴትዮዋ መኪናው ጋ ስታለቅስ ሰማኋት። አሳዘነችኝ፣ ግን አይቤን ማገላበጤን ቀጠልኩ። አክስቴ ስትቆጣ ማንም መሃል አይገባም።

አክስቴ የተወለደችው እታች መንደሩ ውስጥ፣ ከጫማ ሰሪ ቤት ነው። ውሻ የሚባል አልነበራቸውም። ግራትን አግብታ ካዛማዩ ወደሚባለው ወደዚህ ቤት ስትመጣ አማቷ "ይቺ ደግሞ ውሻና ፍየል ትለያለች?" ብላ በሰው ፊት አሳቀችባት ይባላል። እና አክስቴ ተማረች። የማን ውሻ ከማን እንደተወለደ፣ የትኛው ድብ ፊት እንደቆመ፣ የትኛው ሸሽቶ እንደገባ፣ ሁሉንም በአፏ ትዘረዝረዋለች። አማቷ ከመሞቷ በፊት ስለ ውሻ የሚጠየቀው ሰው አክስቴ ሆና ነበር።

ግራት ደግሞ ዝምተኛ ነበር። በበጋ ተራራ ላይ ጎጆው ውስጥ፣ በክረምት ጋጣው ውስጥ ነው። ቤት ሲገባም "እሺ" ይላል፣ "በረዶ ሊጥል ነው" ይላል፣ ሌላ ብዙ አልሰማሁም። ካቻምና በክረምት ልቡ ቆሞ ሞተ። እንጨት ሊያመጣ ወጥቶ እንጨቱ ላይ ቁጭ እንዳለ አገኘነው።

እሱ ከሞተ በኋላ ከእሱ የውሻ ዘር የቀረችው ሴት ብላንካ ብቻ ነች። ወንዶቹ ተሰጥተው አልቀዋል። ብላንካ በመስከረም፣ የሸለቆው ውሻ ሁሉ በሚታይበት ቀን፣ ዳኛው ፊት ቀርባ ጥፍሯ ታይቶ መመዝገብ ነበረባት። ካልተመዘገበች የምትወልዳቸው ቡችሎች ወረቀት የላቸውም። የካዛማዩ ውሻ የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ በስም አይኖርም። አክስቴ ሙሉውን ዓመት የምታወራው ይሄንኑ ነበር። ቡና ላይ፣ ሾርባ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ።

በጎቹ ወደ ተራራ ሊወጡ ትንሽ ሲቀራቸው ብላንካ ማነከስ ጀመረች።

አክስቴ መጀመሪያ "እሾህ ነው" አለች። መዳፏን አየች፣ እሾህ የለም። "እናት በግ ረግጣት ነው" አለች። ከዚያ ደግሞ "ሰነፍ ሆና ነው፣ ተራራ መውጣት ጠልታ" አለች። ፀጉሯ ረጅም ስለሆነ ጥፍሩ የበቀለበት ቦታ አይታይም። መሽተት ሲጀምር ግን ደበቅነው ብንል እንኳ አይደበቅም።

ሶላንጅ መጣች። የእንስሳት ሐኪም ናት፣ ከላሩን ነው የምትመጣው፣ ለበግ ነበር የጠራናት። ጋጣው በር ላይ ቆማ አፍንጫዋን አነሳችና "ምንድን ነው የሚሸተው?" አለች። ከዚያ ብላንካን አስተኝታ ፀጉሩን ገለጠችው።

ጥፍሩ አድጎ፣ ዞሮ፣ እንደ ቀለበት ተጠምዝዞ ተመልሶ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። ዙሪያው መግል ነው።

"ወይ እናቴ" አልኩ።

"ዝም በይ አንቺ" አለችኝ አክስቴ።

ሶላንጅ ጫፉን ቆርጣ አወጣችው። ብላንካ ጮኸች። ሶላንጅ ቁስሉን እያጠበች "ወይዘሮ ማሪሊስ፣ ይሄኛው መውጣት አለበት። ሥሩ ተበላሽቷል" አለች።

"አይወጣም።"

"ታማለች እኮ።"

"ቅባት የለሽም? መርፌስ የለሽም? በመስከረም ዳኛው ያያታል። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊ።"

"ቅባት አለኝ። ግን በጋውን ሙሉ እያነከሰች ነው የምትከርመው። ይድናል ብዬ አልዋሽዎትም።"

"ጥፍሩ በረዶ ላይ እንዳትሰምጥ ይረዳታል፣ ታውቂያለሽ? በረዶ ላይ!"

ሶላንጅ ጥፍሩን በሁለት ጣቷ ይዛ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘችው። "ይሄኛው አጥንት እንኳ የለውም። በቆዳ ብቻ ነው የተያዘው። በዚህ ነው በረዶ ላይ የምትቆመው?"

"ታዲያ የከተሜውን ውሻ ሁሉ የምትቆራርጪው ለዚህ ነዋ!"

"አልቆርጥም!" አለች ሶላንጅ፣ እሷም ተቆጣች። "ስንቱ መጥቶ ጤነኛ ጥፍር ቁረጪልኝ ይለኛል፣ እመልሰዋለሁ። ውሻው ለሰው ሶፋ ብሎ ለምን ይቆረጣል? ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። እነሱ ለመልክ ብለው ያስቆርጣሉ። እርስዎ ደግሞ ለመልክ ብለው ያስቀምጣሉ። ለብላንካ ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"ቅባቱን ስጪኝና በጎቹን እይልኝ" አለች አክስቴ።

በነጋታው ዋርሳዋ ካዴ፣ የግራት ታናሽ ወንድም፣ ለበጎቹ ጨው ሊወስድ መጣ። በጎቹን ተራራ ላይ የሚጠብቀው አሁን እሱ ነው። ብላንካ በር ላይ ተኝታ እግሯ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲያይ ቆመ።

"ምን ሆነች?"

"ጥፍሯ ዞሮ ሥጋዋ ውስጥ ገባ" አለች አክስቴ። "በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አይታወቅም። የእኛ ውሾች ጥፍር አያድግም። ተራራው ራሱ ይሞርደዋል።"

ካዴ የጨውን ከረጢት አስቀመጠና አያት።

"ማሪሊስ፣ ቁምነገርሽን ነው?"

"ምኑን?"

"ግራት ነዋ የሚቆርጥላቸው የነበረው።"

"ምን ይቆርጣል?"

"ጥፍራቸውን! አንቺ ገበያ ስትወርጂ፣ ከጋጣው ኋላ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የበግ ሰኮና በሚከረክምበት መቀስ ጫፍ ጫፉን ያነሳላቸው ነበር። ስንት ጊዜ ጭንቅላታቸውን ይዤለታለሁ!"

"ውሸትህን ነው።"

"መሬት የማይነካ ጥፍር ተራራው በምን ይሞርደዋል፣ አንቺ? በንፋስ?"

"ለምን አልነገረኝም ታዲያ?"

"ማን አፉን ከፍቶ ላንቺ ይነግራል? ሰው 'ጥ' ሲል 'ጥፍር' ብለሽ ትጨርሽለታለሽ። አንድ ጊዜ ጠየቅኩት። 'ደስ ይላታል፣ ተዋት' ነው ያለኝ።"

አክስቴ የጨውን ከረጢት በእግሯ ገፋችው። "ውሰድና ውጣ!" አለችው። ካዴ ጨዉን ተሸክሞ ወጣ፣ በሩ ጋ ሲደርስ "እኔ ምን አደረግኩ?" አለ፣ ለእኔ ይሁን ለውሻዋ እንጃ። አክስቴ ዞራ ድስቱን ማማሰል ጀመረች። ድስቱ ውስጥ ገና ምንም አልተጨመረም ነበር።

ለሁለት ሳምንት ያህል ቅባቱን ራሷ ቀባች። መጀመሪያ ብላንካ ታግሳት ነበር። ከዚያ አክስቴን ስታይ እግሯን ከሆዷ ሥር መደበቅ ጀመረች። ካዴ በጎቹን ይዞ ሲወጣ ብላንካ ደወሉን ሰምታ ተነሳች፣ እስከ አጥሩ ሄደች፣ እዚያው ተቀመጠች። በጎቹ ከዓይን እስኪጠፉ አየቻቸው። አክስቴ በመስኮት ነበረች፣ "ይሻላታል፣ ይሻላታል" ትላለች። አላመንኳትም፣ እሷም ራሷን ያመነች አልመሰለኝም።

አንድ ጠዋት አይብ ቤት ገባችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

"ብላንካ አጉረመረመችብኝ" አለች።

"አሟት ነዋ፣ አክስቴ።"

"እንዳመማትማ አውቃለሁ። እጄን ሳስጠጋ ጥርሷን አሳየችኝ። ከቡችላነቷ በእጄ ያበላኋት ውሻ።" "ሶላንጅን ጥሪያት። ታውጣው።"

"መስከረምስ?" አልኩ።

"መስከረም እግር የለውም፣ አያነክስም።"

ሶላንጅ መጣችና የአይብ ማጠቢያውን ጠረጴዛ በአልኮል ጠርጋ ብላንካን አስተኛቻት። ማደንዘዣ ወጋቻት። አክስቴ ጭንቅላቷን ይዛ ቆመች፣ ውጪ ብትባልም አልወጣችም። ጥፍሩ ወጣ፣ ተሰፋ። በጣም አጭር ነገር ነው፣ እኔ ብዙ ይፈጃል ብዬ ፈርቼ ነበር።

"ከተኛች አይቀር የቀሩትን ሦስቱንስ?" አለች ሶላንጅ። "ነገ እንዲሁ እንዳይሆኑ።"

"የቀሩት ምን አደረጉ?"

"ምንም አላደረጉም።"

"እና ተያቸው። እንዴት ጫፋቸው እንደሚቆረጥ አሳይኝ።"

ሶላንጅ ደስ አላት መሰለኝ። መቀሱን ሰጠቻት፣ ከየት ጀምሮ ውስጡ ደም እንዳለበት በጣቷ አሳየቻት። አክስቴ አንዱን ቆረጠች፣ ትንሽ ጠልቃ ኖሮ ደም ወጣ።

"ግራት፣ የት አባትህ ነህ!" ብላ ጮኸች። ሶላንጅ ጥጥ ጫነችበትና "ሁሉም ሰው መጀመሪያ ያደማል" አለቻት።

ከዚያ በኋላ በየጊዜው ትቆርጥላታለች። ከጋጣው ኋላ ተደብቃ ሳይሆን መንገድ ዳር፣ ቤታችን በር ላይ፣ ሰው እያየ። ጎረቤት ሲያልፍ "ማሪሊስ፣ ውሻሽን ፀጉር ቤት ከፈትሽላት?" ይላታል። "ና ያንተንም ልከርክምልህ" ትለዋለች።

መስከረም ደረሰ። ሜዳው በውሻና በሰው ተሞላ። ዳኛው ሙሴ ባራዲ ይባላል፣ ከሌላ ሸለቆ የሚመጣ ጎልማሳ ነው፣ ውሾቹ ስለማያውቁት እግር አያስነሱትም። እግር የምታነሳለት ከስንት ዓመት ጀምሮ አክስቴ ናት። ታነሳለች፣ "ሁለት" ትላለች፣ ወይም "አንድ" ትላለች፣ እሱ ይጽፋል። "አንድ" ያለችው ውሻ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የብላንካ ተራ ሲደርስ ሁሉም ጠጋ ጠጋ አለ። ወሬው ቀድሞ ሜዳው ደርሷል። አክስቴ ቀኙን አነሳች። "ሁለት" አለች። ግራውን አነሳች።

"አንድ። ሌላውን አስቆርጬዋለሁ።"

ሙሴ ባራዲ ጎንበስ ብሎ ጠባሳውን አየ፣ የአክስቴ ጆሮ ጋ ጠጋ አለ። እኔ አጠገባቸው ስለሆንኩ ሰማሁት።

"ማሪሊስ፣ ቆስሎ ነው የወጣው። ስትወለድ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። የሐኪሟን ወረቀት ያምጡልኝና እናሳልፋት።"

"የጎረቤታችንን የዩጄኒን ውሻ የአጥር ሽቦ ጥፍሩን ሲነጥቀው አሳልፈነዋል?"

"አላሳለፍነውም።"

"አይለፍ ያለው ማን ነው?"

ሙሴ ባራዲ ብዕሩን አየ። "እርስዎ ነዎት።"

"ዩጄኒ አልቅሳ ነው የሄደችው። እና ዛሬ የኔ ውሻ ስትሆን ትለፍ?" ድምጿን ከፍ አደረገች፣ ሜዳው ሙሉ እንዲሰማ። "አላለፈችም ብለው ይጻፉ!"

ጻፈ። ከኋላ አንዱ "አበቃለት የካዛማዩ ውሻ" አለ። ሌላው "ዝም በል፣ ትሰማሃለች" አለው። ሰምታለች። ፊቷ ቀላ፣ ግን አልዞረችም። የብላንካን ማሰሪያ ለእኔ ሰጠችኝ። ብላንካ ሳታነክስ ተከተለችኝና ጥላ ፈልጋ ተኛች።

ቤት ትሄዳለች ብዬ ነበር። አልሄደችም፣ ሥራዋን ቀጠለች። ቀጣዩ አንድ ጎረምሳ ነበር፣ ትልቅ ወንድ ውሻ ይዞ፣ በፍርሃት ላቡ ይንጠባጠባል። አክስቴ እግሩን አነሳች።

"ሁለት" አለች። ሌላውንም አነሳች። "ሁለት።"

ሙሴ ባራዲ ጻፈ፣ ጎረምሳው ተነፈሰ። አክስቴ ግን እግሩን አልለቀቀችም። ፀጉሩን ከፈት አደረገችና ጥፍሩን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ሥጋው ውስጥ ሊገባ ትንሽ ነው የቀረው።

"ይሄን ማን ነው የሚቆርጥለት?"

"ይቆረጣል እንዴ?" አለ ጎረምሳው።

አክስቴ ሣሩ ላይ ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠች፣ የውሻውን እግር ጭኗ ላይ አደረገች፣ ከኪሷ መቀስ አወጣች።

"ማሪሊስ፣ ሰልፍ አለ እኮ" አለ ሙሴ ባራዲ።

"ሰልፉ ይቀመጥ። ሣር ሞልቷል።" ወደ ጎረምሳው ቀና አለች። "ምን ቆመህ ታየኛለህ? ጭንቅላቱን ያዝ። እሱ ከነከሰኝ እኔ አንተን ነው የምነክሰው።"