ስሙን እኔ አመጣለሁ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በትምህርት ቤታችን የባህል ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያጨበጭብ እኔ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ፤ ሠርግ ላይ እንኳ።

የማስተምረው ተወልጄ ባደግኩባት መንደር ነው። ከንፋስ መውጫ ከተማ ተነስቶ ዳገቱን የሚወጣ መኪና መጨረሻው የኛ ትምህርት ቤት በር ነው። ከኛ በላይ ተራራውና ጉሙ ብቻ ነው ያለው። እንዲህ ያለች መንደር ምን ቅርስ አላት ብትሉ፣ እማማ አንጓች አሉን እንላችኋለን። አልቃሽ ናቸው። ለቅሶ ቤት ሙሾ ሲያወርዱ የሟችን ሙያ፣ የዘሩን ሐረግ፣ የጓሮውን ግራር ሳይቀር በግጥም ይጠሩታል። ከሟች ጋር ተኳርፎ ቤቱ የቀረ ሰው እንኳ ድምፃቸውን ከሩቅ ሲሰማ እያለቀሰ ይመጣል።

ልጃቸው አንድ ነው፤ ደሳለኝ። ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማረው። የቤት ሥራዬን ገልብጦ ሲያበቃ መልሶ እኔኑ የሚያርም ነገረኛ ነበር። ትምህርቱን ትቶ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ። አብረውት የወረዱት ተመለሱ፤ እሱ ቀረ። “መንገድ ላይ ተለያየን” አሉ እንጂ ሞተ ያለ የለም። ስልኩም አይሠራም። እንዲህ እንዳለ ዓመታት አለፉ።

መርዶ ስላልመጣ እናቱ አላዘኑም። ማለቴ፣ ነጠላቸውን አላዘቀዘቁም፤ ድንኳን አልተተከለም፤ “እግዜር ያጥናዎት” ያላቸው ሰው የለም። አገሩ ሁሉ የሚላቸው አንድ ነገር ነበር። እኔም ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በደጃቸው ሳልፍ እሱኑ እላለሁ።

“ይመጣል እማማ።”

“አሜን፣ ልጄ።”

ለባህል ቀኑ ከወረዳ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ግርግር ሆነ። የአውድማ ጨዋታውም የሠርግ ዘፈኑም ለተማሪዎች ተከፋፈለ። ርዕሰ መምህራችን ከሌላ አካባቢ የመጣ ሰው ነው። “የለቅሶ ሥርዓቱም ይቅረብ፤ ይኼ እኮ እየጠፋ ያለ ቅርስ ነው” አለና እማማ አንጓችን ልንለምን አብረን ሄድን።

እማማ ደጃቸው ላይ ገብስ እያበጠሩ ነበር። ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ።

“ማን ሞተና?”

“ማንም አልሞተ። እንዲያው ለማሳየት ያህል ነው። የሆነ ስም ይፍጠሩና…” አለ ርዕሰ መምህሩ።

“ስም ይፈጠራል እንዴ? አበበ ብል አበበ አለ። ደምሴ ብል ደምሴ ከነሚስቱ አለ። በቁሙ ያለን ሰው ስም ጠርቼ ላልቅስበት? ሟርት እኮ ነው ልጄ!”

ርዕሰ መምህሩ አፈረ። ልንመለስ ስንል እማማ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡና ቁልቁል መንገዱን አዩ።

“እሺ፣ እመጣለሁ” አሉ። “ስሙን እኔ አመጣለሁ።”

እኔ ድሮ የሞቱትን ባላቸውን የሚያነሱ መስሎኝ ነበር። መንገድ ላይ ለርዕሰ መምህሩም እንዲሁ አልኩት።

ቀኑ ደረሰ። እንግዶቹ ወንበር ላይ፣ የመንደሩ ሰው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ተማሪዎቹ በሬ ሆነው አውድማ ሲዞሩ አንዱ በሬ ሱሪው ሊወልቅ ደርሶ ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። ቀጥሎ እማማ አንጓች ተጠሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንድ ጥቅል ታቅፈው መሃል ገቡ። እንግዶቹ ለመቅረጽ ስልካቸውን አወጡ።

ጥቅሉን ሲፈቱት ኮት ነው። ለቅሶ ላይ የሟች ልብስ ይያዛልና እንግዶቹን ምንም አልገረማቸውም። እኔ ግን ኮቱን አወቅኩት። ግራ ክርኑ ላይ ቀይ ጨርቅ ተጥፎበታል። ተማሪ ሳለን “የትራፊክ መብራት” እያልን ስንስቅበት የኖርነው ኮት ነው።

“ሰሊጡ ተራግፎ አጫጅ ቤቱ ገባ፤
የደሳለኝ ድርሻ ለናቱ ሆነ እንባ።”

ከኋላዬ አንዲት ሴት “ወይኔ ደሴ!” ብላ ጮኸች። ሣሩ ላይ የነበሩት ሴቶች እየተነሱ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እንግዶቹ ምን ያውቃሉ፣ ሁሉም የተጠና መሰላቸውና አጨበጨቡ። ሞቅ አድርገው። አንደኛውማ ከወንበሩ ተነስቶ ነው።

እማማ ማልቀሳቸውን አቆሙ። ኮቱን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ወደ ወንበሮቹ ዞሩ። አልተቆጡም።

“ጭብጨባውን ተዉት ልጆቼ” አሉ። “እግዜር ያጥናሽ በሉኝ። ይኼን ያህል ዘመን ማንም እኮ አላለኝ።”

መጀመሪያ የተናገረው ያ ቆሞ ሲያጨበጭብ የነበረው እንግዳ ነው። “እግዜር ያጥናዎት እናቴ” አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ፕሮግራሙ እዚያው ላይ አበቃ። ሁላችንም እማማን ተከትለን ቤታቸው ገባን፤ ለቅሶ ተቀመጥን።

ከዚያ ወዲህ እማማ አንጓች ለማንም አላለቀሱም። ሰው ሞቶ ሲለመኑ “እኔ የመጨረሻዬን አልቅሻለሁ” ይላሉ። አሁን በመንደራችን ሰው ሲሞት ሙሾ የለም፤ ዝም ብሎ መንሰቅሰቅ ነው። ኮቱን በአርባው ለአንድ ምስኪን ሰጡት። እሳቸው ግን ትንሽ ቀለል ብሏቸዋል፤ እንቅልፍም ይወስደኛል ይላሉ።

እኔ አልቀለለኝም። አንዳንዴ እንዲያውም እናደድባቸዋለሁ። መሞቱን ማን ነገራቸው? ማንም አልነገራቸው። መጠበቁ ከማልቀሱ ይልቅ ከበዳቸውና ጨረሱት እንጂ።

ጠዋት በደጃቸው ሳልፍ “እንዴት አደሩ እማማ” ብቻ እላለሁ። “ይመጣል” የምትለዋ ቃል አሁንም አፌ ላይ ትመጣለች፤ እውጣታለሁ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ መኪና ሲቆም ግን፣ የሚወርደውን ሰው ሳላይ ክፍል አልገባም።