የዳይሬክተሯ ግማሽ ፀጉር

ፀጉር ሠሪዋ ሰው ቀና ብላ የማታይ፣ ድምጿ ከመቀሷ የማይበልጥ ሴት ነበረች። ደንበኞቿ የሚወዷትም ለዚሁ ነው፤ እነሱ ሲያወሩ እሷ «እህ» ትላለች፣ «ወይ ጉድ» ትላለች፣ ከዚያ በላይ አትሄድም። ቂም መያዝ ግን ታውቅበታለች።

ቂሟ ከልጇ ትምህርት ቤት ጋር ነበር። ልጅቱን ቤተሰቡ «ንቢቱ» ይላታል፤ ድምፅ ሲበዛባት ጆሮዋን ይዛ እንደ ንብ «እምምም» ስለምትል። ስምንት ዓመቷ ነው። ታነባለች፣ ትደምራለች፣ ደወል ግን አትችልም። ደወሉ ደግሞ የተሰቀለው ልክ ከክፍሏ በር በላይ ነው፤ በጮኸ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። እናቷ የጠየቀችው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ጆሮ የሚሸፍነውን የሹራብ ኮፍያዋን እንዳይቀሟት፣ ከግቢው ጀርባ ወዳለው ክፍል እንዲያዛውሯት። ኮፍያውን «ዩኒፎርም አይደለም» ብለው ወሰዱባት። ስለ ክፍሉ ስትለምን ዳይሬክተሯ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ፣ «ለአንድ ልጅ ብለን ትምህርት ቤቱን አንገለብጥም» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ንቢቱን ኮሪደር ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙረው ያስቀምጧት ጀመር። ዓርብ ዕለት ደግሞ፣ «እዚህ ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ ቦታ የለንም። ሌሎቹን ትረብሻለች፤ ከሰኞ ጀምሮ እንዳታመጫት» ተባለ። እናትየው ልጇን ይዛ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ዳይሬክተሯን በሆዷ ስትሰድባት ሄደች።

በማግስቱ ቅዳሜ የፀጉር ቤቱ በር ተከፈተና ዳይሬክተሯ ገባች። የምታዘወትርበት ቤት ፀጉር ሠሪዋ ታማባታለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ንግግር ታደርጋለች።

«የኔ ቆንጆ፣ ቶሎ ፎን አድርጊኝ፤ እንደ ሐር እንዲወርድ» አለችና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

አላወቀቻትም። ያን ሁሉ ጊዜ ፊቷ ስትቆም ለካ አንድ ቀን እንኳ አላየቻትም።

ፀጉር ሠሪዋ አጠበቻት፣ ቅባት ቀባቻት፣ ከቀኝ በኩል ጀመረች። አብራት የምትሠራው ጓደኛዋ፣ ጥፍር ሠሪዋ፣ የዳይሬክተሯን እጅ ይዛ ቀይ ቀለም ትቀባታለች። ንቢቱ የፎኑ ጩኸት እንዳይደርሳት በሩ የተዘጋ የጓሮ ክፍል ውስጥ የፀጉር መጠቅለያ ቢጉዲኖቹን በቀለምና በውፍረት እየለየች ትደረድራለች።

«ሰኞ እፎይ ልንል ነው» አለች ዳይሬክተሯ ለጥፍር ሠሪዋ። «አንዲት እም እም የምትል ልጅ ነበረችብን፤ ተገላገልናት። እናቷ ደግሞ የባሰች ናት፤ ስታናግሪያት እንደ ግንድ ትገተራለች። ልጅቱ ከማን ወረሰችው አትዪም?»

የጥፍር ሠሪዋ ብሩሽ አየር ላይ ቀረ። ቀና ብላ ጓደኛዋን አየች።

ፎኑ ጠፋ። የቀኙ ፀጉር እንደ ሐር ወርዷል፤ የግራው ገና እርጥብ ነው።

«መብራት ሄደ እንዴ?»

«አልሄደም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ ለእንደዚህ ዓይነት ፀጉር ቦታ የለንም።»

«ምን?»

«ሌሎቹን ደንበኞች ይረብሻል» አለችና ወንበሩን አሽከርክራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረቻት። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የነበሩት ሁለት ሴቶች ካስኩን ከፍ አድርገው ጆሯቸውን ቀሰሩ።

ዳይሬክተሯ አንገቷን ጠምዝዛ ትክ ብላ አየቻት። ፊቷ ልውጥ አለ። «አንቺ... የዚያች ልጅ...»

«ግንዷ» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

ጥፍር ሠሪዋ ሳቋ አመለጣት።

የፀጉር ሠሪዋ ደስታ አንጀቷ ድረስ ነው። ዳይሬክተሯ ተቆጣች፤ ቀጥላ ሰዓቷን አየች፤ ቀጥላ ተለሳለሰች።

«እሺ በቃ የኔ እህት፣ ሰኞ ነይና እንነጋገራለን።»

«ተነጋግረናል። አሁን ትምህርት ቤት ይደውሉ፤ ልጄ ትመለስ።»

«ጥፍሬ አልደረቀም እኮ!»

«እኔ ምን ሠርቼ ልብላ ታዲያ?» አለች ጥፍር ሠሪዋ የዳይሬክተሯን ስልክ አንስታ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍ እያደረገች። «ለማን ልደውልልዎት?»

ምክትሏ አነሳች። ዳይሬክተሯ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ያቺ ልጅ ሰኞ ትመለስ። የጀርባው ክፍል ትግባ። ኮፍያዋንም ስጧት።»

«ውይ፣ ትናንት እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ አባርሯት ያሉት?» አለች ምክትሏ፣ ድምጿ ቤቱን ሞልቶት።

«ያልኩሽን አድርጊ!»

«የእህቴ ልጅ እዚያ ነው የሚማረው» አለች አንዷ ከካስኩ ሥር። «መመለሷን እጠይቀዋለሁ።»

ዳይሬክተሯ ወደ መስታወቱ ዞረች። «በይ አሁን ጨርሺልኝ።»

ፀጉር ሠሪዋ የግራውን በጣቶቿ ነካ ነካ አደረገችው። ደርቆ ተንጨባርሯል። እንደሚደርቅ ታውቅ ነበር፤ የጠበቀችውም እሱን ነው። «ይሄማ እንደገና መታጠብ አለበት። ከፊትዎ ደግሞ ሁለት ሰው አለ። ተራዎን ይጠብቁ።»

ዳይሬክተሯ ሻሽ ጠምጥማ እየተሳደበች ወጣች። ከሰዓት በኋላ ፀጉር ሠሪዋ ቤቱን ለጓደኛዋ ትታ የወላጆች ቀን ሄደች፤ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሻሹ በግራ በኩል አብጦ ነበር። ሌላው ሰው ንግግሩን ሲሰማ እሷ እብጠቱን ስታይ ዋለች። አላጨበጨበችም።

ሰኞ ጠዋት ኮፍያውን ያመጣችው ምክትሏ ናት። ንቢቱ የጀርባው ክፍል ገባች። እናቷ ግን አላመነችም፤ መስኮቱ ሥር ቆማ ደወሉን ጠበቀች። ጮኸ። ንቢቱ ኮፍያዋን ወደ ታች ሳበች፣ ትከሻዋን ሰበሰበች፣ እርሳሷን ግን አልለቀቀችም።

ዳይሬክተሯ በዚያ በኩል ስታልፍ አየቻትና ቆም አለች።

«አሁንስ ረካሽ?» አለቻት ጥርሷን ነክሳ።

ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗን ከዓይኗ አልነቀለችም። «ገና ነኝ» አለች። «ነገም እመጣለሁ።»