ካርዷ መርሳ ነው

ክፍሉ ውስጥ አራት ነበርን። እህቴ በግድግዳው በኩል ባለው አልጋ ላይ ተኝታለች፤ እኔ በራስጌዋ፣ ወጣቱ ሐኪም በግርጌዋ ቆመናል፤ መድኃኒት የምታድለው ሴት በሩ ላይ ናት፣ አንድ እግሯ ኮሪደሩ ውስጥ። ወልድያን ይዞ የነበረው ጦር ለቆ ከወጣ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። ሆስፒታሉ ስለተዘረፈ ፍራሹን ያመጣሁት ከቤቴ ነበር።

እህቴ የኤች አይ ቪ ክኒኗን ለዓመታት ሳታዛንፍ ወስዳለች። የምትወስደው ግን ከመርሳ ነበር። ጎረቤት እንዳያይ የወልድያ ሰው መርሳ፣ የመርሳ ሰው ወልድያ እየሄደ ይወስዳል። መርሳ ተመዝገቢ ያልኳት እኔ ነኝ። ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው፣ ክኒኑ አለቀ፣ ወራት አለፉ። ከዚያ ቀኝ እጇ ዛለ፤ ምላሷ ተሳሰረ።

«እማማ፣ ይህ ከኤች አይ ቪ ሌላ የሆነ፣ በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ ተኝቶ የሚኖር ቫይረስ ነው» አለኝ ሐኪሙ። «የሰውነት መከላከያ ሲደክም ይነሳና አንጎልን ይጎዳል። የአንጎሏን ምስል ሳላይ እርግጠኛ አልሆንም፤ ምልክቱ ግን የሱ ነው።»

«መድኃኒቱስ?»

«እሱን ራሱን የሚያጠፋ የለም። ውጭ አገር ከጤነኛ ሰው፣ አንዳንዴም ከእህት ከወንድም፣ ቫይረሱን የሚያውቁ የመከላከያ ሕዋሳት ወስደው ለታማሚው ይሰጣሉ። ገና እየተሞከረ ነው፤ የረዳውም ያልረዳውም አለ።»

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። «ይኸው፣ ከኔ ይውሰዱ።»

«እዚህ አይሠራም እማማ።»

«ተዋት ዶክተር» አለች እህቴ በተሳሰረ አንደበቷ። «የሷ ደም ከመቆጣት ሌላ አያውቅም።»

ሐኪሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«እኛ ያለን አንድ መንገድ ክኒኗን ዛሬ ነገ ሳይባል ማስጀመር ነው። የገዛ መከላከያዋ ካገገመ ይህን ቫይረስ ሊያቆመው ይችላል። እስከዚያ የሚጎዳው ግን አይመለስም» አለና ወደ በሩ ዞረ።

«ካርዷ መርሳ ነው» አለች ሴትዮዋ። «የተረፈችው ትንሽ ክኒን እዚህ ለተመዘገቡት ናት። የዝውውር ወረቀት ታምጣ።»

«የመርሳው ካርድ ቤት ተዘርፏል። እንደ አዲስ መዝግቢያት» አላት ሐኪሙ።

«መመርመሪያው አልቋል። ሳትመረመር መዝግቤ ነገ እኔ ልጠየቅ?»

«ልጄ» አልኳት፣ «ይቺን እያየሽ ነው ወረቀት የምትይው?»

«እኔም ታዝዤ ነው፣ እትዬ።»

ሰው ከገዛ አካሉ ሕዋስ ሰጥቶ እህቱን ለማትረፍ በሚሞክርበት ዘመን፣ የኔ እህት አሥር እርምጃ ርቆ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ክኒን ተከልክላ ተኝታለች። የዘረፉትንም፣ ያዘዙትንም በልቤ ረገምኩ። ሰው ምን ይለናል ብዬ መርሳ የላክኋት እኔም ከእነሱ አልተሻልኩም።

«ክኒኗን ስትሰጣት የኖረችው ነርስ መርሳ አለች» አልኩ። «በእጇ ጽፋ ብትፈርምልኝ ትቀበያለሽ?»

ሴትዮዋ ሐኪሙን አየችው። «እሱም ከፈረመበት።»

«እፈርማለሁ» አለ።

«መኪና የለም እኮ» አለች እህቴ።

«መንገዱ መሃል እስካለችው ሲሪንቃ የሚሄድ አይጠፋም። ከዚያ ወዲያ እግር አለኝ።»

ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።