የባዩሽ ልብስ ማጠቢያ

የፊንጫ ሐይቋን ባዩሽ ታውቋት የለ? ባሏ ሲሞት የቀራት አንዲት ጀልባ ናት። የነቀምት አስተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እየተከራዩ አሳ ያጠምዱባታል። ሁዳዴ አሳ ይበላል አይበላም፣ እሱን ለቄሶቹ ተዉት!

ታዲያ የሁዳዴ ንፋስ መጣና ሐይቁ ተናወጠ፤ ጀልባ ሁሉ ታሰረ። የሷም እስከ ፋሲካ ከታሰረች መሸጧ ነው። ጀልባዋን ሲመኝ የኖረው ጎረቤቷ ጫንያለው፣ ያውም በደንበኞቿ ፊት፣ «አዴ ባዩሽ፣ ለኔ ሽጪልኝና ሂጂ ልብስሽን እጠቢ!» አላት። ሰው ሳቀ።

እሷ ግን ልብስ ሲል ትዝ አላት። ከኮረብታው ጀርባ፣ ውሃው ገባ ያለበት፣ ዘወትር የምታጥብበት ቦታ አለ። እዚያ ቁጥቋጦ ላይ ያሰጣችው ነጠላ በንፋስ ወር እንኳ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

«ተሳፈሩ!» አለች። ዳር ዳሩን እየቀዘፈች ወሰደቻቸው። ውሃው እንደ ጠገበ ጥጃ ተኝቷል። አሳውም ከንፋሱ ሸሽቶ እዚያው ከትሟል! ቆሮሶ የሚባለውን አሳ በጆንያ ይዘው ተመለሱ።

በሳምንቱ ለባዩሽ ጀልባ ሰው ተጋፋ። ጫንያለው አንገቱን ደፍቶ፣ «አዴ ባዩሽ፣ እኔም በጀልባዬ ልከተልሽ?» አላት።

«ና ኦቦ ጫንያለው! የቆሸሸ ሸሚዝህንም ያዝ፤ ሳሙና አለኝ።»