ጉዳዩ፦ ካልኩለስ ማቋረጥን ይመለከታል

ጀማነህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሻትል፣ የኤርፖርት መንገደኛ ማመላለሻ መኪና ይነዳል፤ ሚነርቫ ፓርክ በሚባል ሰፈር ቤት አለው። ናይሮቢ በስደት አብረውት የነበሩ ሰዎች ግን ዛሬም ሞርስ ሮድ የሚባለው ጎዳና ላይ ሲያገኙት "ጸሐፊው" ይሉታል። እዚያ ናይሮቢ የሰፈሩን ስደተኛ ማመልከቻ ሁሉ በአማርኛ እያረቀቀ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው እሱ ነበር።

ከዚያ ዘመን አንድ ትምህርት ይዞ መጥቷል፦ ወደ አሜሪካ ከሚሄዱት ዝርዝር ላይ ስምህ ከወጣ በኋላ ትንፍሽ አትበል። ገብረኪዳን የሚባል ጓደኛው ስሙ ከወጣ በኋላ "ልጅ ተወልዶልኛል" ብሎ አስታወቀ። ፋይሉ ተመለሰና አምስት ዓመት ተጨማሪ ጠበቀ። ያቺን ማስታወቂያ የጻፈለት ጀማነህ ነው።

እንግዲህ በየካቲት አንድ ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ ላይ ኮሌጅ የተቀበላት ልጁ ሲና ምሳ ላይ ሹካዋን አስቀመጠች።

"ዳድ፣ ካልኩለስ ድሮፕ አድርጌያለሁ። ማመልከቻው ላይ እወስዳለሁ ብዬ ነበር። የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ካውንስለሯ፣ ለኮሌጁ ራስሽ ንገሪ አለችኝ።"

"ማን ጠየቀሽ? ስምሽ ወጥቷል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።"

"በዓመቱ መጨረሻ በሚላክላቸው የውጤት ትራንስክሪፕት ላይ ያዩታል እኮ!"

"እስከዚያ ገብተሽ ትቀመጫለሽ።"

"ከተቀመጠች በኋላ ቢያስወጧትስ?" አለች እናቷ ማንያህልሻል። "ጓዟን በሻትልህ ልትመልስ ነው?"

ጀማነህ ሊስቅ አልቻለም። "መቼ ነው የተውሽው?" አላት ልጁን።

"ከሦስት ሳምንት በፊት። ኤፍ ላገኝ ነበር።"

"ሦስት ሳምንት ሙሉ ለኔ ሳትነግሪኝ?"

"ዝም በይ እንደምትለኝ አውቅ ነበራ።"

በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ሲያደርሳት መስኮት መስኮቱን የምታየው እንቅልፍ አንሷት ነው ብሎ ነበር። ዝም ማለትን ከማን እንደተማረች ለመገመት ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም።

"በይ ለኮሌጁ የጻፍሽው ካለ አሳዪኝ" አላት።

ስልኳን ሰጠችው። "ሃይ፣ ካልኩለስ ትቻለሁ፣ ችግር አለው?" ይላል፤ በቃ።

"ሃይ? ለቢሮ ሃይ ይባላል?" ተነሥቶ ወረቀት አመጣ። ቀን ጻፈ፣ "ጉዳዩ" ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት፤ የቀረውንም በአማርኛ አረቀቀ። ሲና አጠገቡ ተቀምጣ እያስነበበችው ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፤ ከየሦስቱ መሥመር ሁለቱን እየሰረዘች።

"ይሄ 'በታላቅ ትሕትና እማጸናለሁ' የሚለው ይውጣ። ልመና ይመስላል።"

"ማመልከቻ ልመና ካልሆነ ምንድነው ታዲያ?"

"ኢንፎርሜሽን ነው፣ ዳድ!"

ማንያህልሻል ከማጠቢያው ሆና ሳቋን ለቀቀችው።

በካልኩለሱ ፋንታ ስታትስቲክስ መያዟን ጻፉ። መጨረሻ ላይ ሲና ከራሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፦ "ቶሎ ያላሳወቅኋችሁ ስለፈራሁ ነው።" ጀማነህ ሊያስቆማት እጁን አነሣ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስለታመመ፣ ስለተራበ፣ ስለታሰረ ሰው ጽፎ ነበር፤ ፈርቼ ደበቅሁ የሚል ግን አንድም ጊዜ አልጻፈም። ይህን ያነበበ ሰው ፋይል ይዘጋል።

"እውነት ነው እንዴ?" አላት።

"እውነት ነው።"

እጁን አወረደ። "በይ ላኪው።"

ሰኞ አለፈ፣ ማክሰኞም አለፈ። ጀማነህ ሻንጣ እየጫነ፣ ተሳፋሪ እያወረደ፣ በየዙሩ ስልኩን ያያል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሲና ደወለችለት። መኪናውን ዳር ያዘ።

"መለሱ። ስታትስቲክሱ ኦኬ ነው፤ ውጤቴ ከ'ሲ' እንዳይወርድ ብቻ። ስለነገርሽን እናመሰግናለን ይላል።"

"ፋይሉን አልመለሱትም?"

"ፋይል የለም፣ ዳድ። ገብቻለሁ።"

"እስቲ ምስጋናውን ድገሚልኝ።"

ደገመችለት። "የኔ ልጅ፣ ስታትስቲክሱስ እንዴት ነው? ይከብዳል?" አላት።

"ትንሽ" አለችና፣ ቆይታ፣ "እ... ይከብዳል" አለችው።