የአባዬ ድር፣ የወንድሜ ቤዝ

ሸማ ሊገዛ ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ ዓይኑ ዞሮ ዞሮ እዚያች ሽቦ ላይ ያርፋል። የድሬን ገመድ ከምሰሶው ጋር ያሰርኩባት፣ ከጫማ ክር ወፈር የምትል፣ በላይዋ ሌላ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመባት ጥቁር ሽቦ ናት። "ጋሼ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?" ይሉኛል። "ሽቦ ናት፣ ምን አለባት?" ብዬ ወደ ነጠላው እመልሳቸዋለሁ። ለገዢ ሁሉ የቤቴን ጉዳይ የምዘረግፍበት ምክንያት የለኝም። እዚህ ግን ልጻፈው። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ፣ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ከተማርኩ አይቀር አንድ ነገር ልጻፍበት።

ያኔ፣ በደርግ ዘመን፣ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ፣ ጉለሌ ውስጥ ነበር። አባዬ ከጨንቻ የመጣ ሸማኔ ነው። የነበረን አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹን አባዬ እግሩን ሰዶ የሚሸምንበት ጉድጓድና የሽመና ዕቃው ይዞታል፤ በቀረው ግማሽ አራታችን እንበላለን፣ እንተኛለን። ቤቱ ጥጥ ጥጥ ይሸታል። ክረምት ሲገባ ደግሞ እርጥብ ጥጥ፣ ጭቃና እርጥብ ባህር ዛፍ እየጨሰ አንድ ላይ ይሸታል። ዛሬም ዝናብ ሲጥል ያ ሽታ ድንገት ይመጣብኛል።

ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ይማር ነበር፤ እኔ ማግ አጠነጥን ነበር። አባዬ ሁለታችንንም ማስተማር ስላልቻለ አንዱን መረጠ፤ ያልተመረጥኩት እኔ ነኝ። ውጭ የሰፈር ልጆች ብይ እየተጫወቱ "በላሁህ!" "አልበላኸኝም፣ ሌባ!" ሲባባሉ እየሰማሁ ቀሰም ላይ ክር እጠመጥማለሁ። ይቅር ብያለሁ ብዬ አልዋሽም። ይቆጨኛል።

የኔ ዕድሜ ሰዎች ስንገናኝ ስለ ቀበሌ ኪነት፣ ስለ ሙዚቃና ቲያትር ቡድኑ፣ ማውራት ይወዳሉ። ልብሱን፣ መዝሙሩን፣ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ በር ላይ የነበረውን ግፊያ አንስተው "አይ ጊዜ!" ይላሉ። እኔ "አይ ጊዜ" አልልም። እኛ ቤት ኪነት ማለት አጥር ነበር። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ ወዲህ፣ ዕድሜው የደረሰ ወንድ ልጅ ያለበት ቤት ሰላም አልነበረውም። ሽንኩርት ሊገዛ አዲሱ ገበያ ወጥቶ በዚያው በጭነት መኪና የተጫነ የጎረቤታችን ልጅ ነበር፤ እናቱ ያገኘችው ዘንቢሉን ብቻ ነው። ጌታሁንን ግን አይነኩትም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር "የኪነት ልጆች የኔ ናቸው" ብሎ ይዟቸዋል፤ ጌታሁን ደግሞ የኪነቱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። ቤዙ እስከሠራ ድረስ ወንድሜ ቤቱ ያድራል። ካልሠራ አያድርም። ይህ ያልገባው ሰው እቤታችን አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

የቀበሌው መጋዘን ጣሪያው ስለሚያፈስ ቤዙ እኛ ቤት ይቀመጥ ተባለ። "የሕዝብ ንብረት ነው፤ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው አንተ ነህ" ብለው አስረከቡት። ጌታሁን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ይዞት ሲገባ እማዬ "የት ነው የሚተኛው?" አለች። አልቀለደችም፤ ቦታ አልነበረም። በመጨረሻ ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ሁለት ችንካር ተመታ፤ ጭስ እንዳይነካው በአሮጌ ቡልኮ ተጠቅልሎ ተሰቀለ። ከሥሩ የምንተኛው እኔና ጌታሁን ነን። ሌሊት ስገላበጥ ይወድቅብኛል ብዬ እየሰጋሁ ሳይሆን ይሰበራል ብዬ እየሰጋሁ ነው ያደግሁት።

አምፕሊፋየር እቤት የለም፤ ቤዝ ደግሞ ያለሱ ድምፁ ትንፋሽ ነው። ጌታሁን መላ አበጀ። የጊታሩን ጠርዝ የእማዬ የእንጨት ሳጥን ላይ ያስደግፈዋል፤ ሳጥኑ ያጉረመርማል። እኔ ደግሞ የአንገቱን ጫፍ በጥርሴ እይዛለሁ። አትሳቁ። ጫፉን ስነክሰው ድምፁ በጥርሴ ገብቶ በመንጋጋዬ፣ በጭንቅላቴ አጥንት ያልፋል፤ በጆሮ የማይሰማው ሁሉ ይሰማኛል። ጌታሁን "ማሙሽ፣ ጠራ ወይስ ጢዝ ይላል?" ይለኛል። አፌ ስለተያዘ፣ ካልጠራ ራሴን እነቀንቃለሁ። ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ ያችን ሥራ ግን ከኔ በቀር የሚችላት አልነበረም።

የቤዙ ክር ሲያረጅ የሚገዛ አልነበረም፤ ስለዚህ ይቀቀላል። አዎ፣ ይቀቀላል። ድምፁ ሲሞት እማዬ አራቱንም ክር ጠቅልላ በድስት ውኃ፣ ከአመድ ጋር ታፈላዋለች፤ በመካከሉ የተቀበረው የጣት እድፍ ሁሉ ይለቃል፤ ደርቆ ሲታሰር ድምፁ ይመለሳል። ድስቱ ግን ያው አንድ ድስት ነው። በማግስቱ አባዬ አንድ ጉርሻ ቀምሶ "ዛሬስ ሽሮው ተቃኝቶ ነው የቀረበው" አለ። ያን ቀን ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ እንደዚያ የሳቅንበትን ቀን አላስታውስም።

ክረምቱ ሲገባ ቤዙ ጢዝ ማለት ጀመረ። ክሮቹ አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ጋር እየተነካኩ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ዝንብ ይላሉ። ጌታሁን ይቃኘዋል፤ በማግስቱ ሲያወርደው ቅኝቱ የለም። መቃኛዎቹ አርጅተው ነው አለ። እርጥበቱ ነው አለ። አንገቱን የምታስተካክል ጫፏ የታጠፈች ትንሽ መፍቻ አለች ብሎ ጋራዥ ለጋራዥ ዞረ፤ የምትገባለት አልተገኘችም። በየቀኑ እኔ ጫፉን ነክሼ፣ እሱ ፊቴን እያየ፣ ራሴን በነቀነቅሁ ቁጥር ፊቱ እየጠቆረ ሰነበትን።

ይህ ወሬ ሊቀመንበሩ ጆሮ ደረሰ። አንድ ቀን በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። እማዬ "ቤት ለእንግዳ፣ ጠላ ቀምሰው ይሂዱ እንጂ" ብትለው አልገባም።

"ጓድ ጌታሁን፣ ይሄ ነገር ልምምድ ላይ ዝንብ ዝንብ ይላል አሉኝ።"

"ክረምቱ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ይስተካከላል።"

"ክረምት ለሁሉም ነው የገባው። ቅዳሜ ውድድር ነው፤ ከበላያችን፣ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጣሉ። ቤዝ ከሌለኝ ቤዝ ተጫዋች ምን ያደርግልኛል?" አለና የአባዬን ዕቃ፣ ጉድጓዱን፣ እኔን በየተራ አየ። "እናት አገር እንደሆነች ሰው አልበቃትም።"

ሊቀመንበሩ ሲሄድ አባዬ መወርወሪያውን እንደያዘ ቀረ።

በማግስቱ ዝናብ ስብሰባውን በተነውና ጌታሁን ሳይጠበቅ ቶሎ መጣ። ገና አልመሸም። አባዬ የቀኑን ሥራ ጨርሶ፣ እንደ ልማዱ ድሩን አላልቶ፣ ቤዙን ከግድግዳ አውርዶ ጭኑ ላይ አጋድሞታል። መቃኛዎቹን አንድ በአንድ በቀስታ እያዞረ ክሮቹን ያላላል። ጌታሁን ከነዝናቡ በሩ ላይ ቆመ።

"አባዬ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ማሳረፍ ነዋ" አለ አባዬ፣ ቀና ሳይል። "ተወጥሮ ያድራል እንዴ? እንጨት ነው፣ ይደክመዋል። አንተ እየረሳኸው ትሄዳለህ፣ እኔ እጨርስልሃለሁ።"

"በየማታው?"

"እቤቴ ከገባ ጀምሮ።"

እኔም በየማታው አየው ነበር። ሸማኔ ቤት ተወልዶ ላደገ ሰው ማታ የተወጠረ ነገር ሁሉ መላላት አለበት፤ ድር ተወጥሮ ካደረ እርጥበቱ ይስበውና ጠዋት ይበጠሳል። እንደ በር መዝጋት ነው። ጌታሁን ያውቃል ብለን ነበር። እሱ ደግሞ ቀኑን ትምህርት ቤት፣ ማታ ስብሰባ የሚውል ሰው፣ የአባቱን እጅ ማየት ከተወ ቆይቷል።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና ቀስ ብሎ አስረዳው። አንገቱ ውስጥ ብረት አለ፤ ወደ ኋላ ይስበዋል። ክሮቹ ወደ ፊት ይስቡታል። ሁለቱ ሲተካከሉ ቀጥ ይላል። ክሮቹ በየማታው ሲላሉ ብረቱ ብቻውን እየጎተተ አደረ፤ አንገቱን መሃሉ ላይ አጎበጠው። እማዬ "ወይኔ ልጄን" ብላ መቀነቷን ጨበጠች። አባዬ እጁን ብቻ ነበር የሚያየው። ሰው ሲቆጣ አይቻለሁ፣ ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ እጁን እንደዚያ እንደ ባዕድ እጅ የሚያይ ሰው ግን ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ከዚያ ተነሣ። ዕቃው ላይ የነበረው የሰው ትእዛዝ ነው፣ ለሠርግ የተባለ ጋቢ። ድሩን ከነገመዱ ፈትቶ ጠቀለለው። "ማሙሽ፣ ና ያዝልኝ" አለኝ። ጌታሁን የት ላይ መጫን እንዳለበት በጣቱ ያሳያል፤ አባዬ ያስራል። ቤዙን ጉድጓዱ አፍ ላይ በጀርባው አጋደሙት፤ ከጫፉና ከሆዱ ሥር እንጨት ገባ፤ ያበጠው መሃል ላይ የታጠፈ ጨርቅ ተደርጎ የድሩ ገመድ ወደ ታች ጠፍሮ ያዘው። ክሮቹም እንደተወጠሩ ቀሩ። እስከ ቅዳሜ ሽመና የለም ተባለ። እቤታችን የመወርወሪያ ድምፅ ሲጠፋ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ጣሪያው ላይ ዝናብ፣ መንገዱ ላይ መኪና፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ሁላችንም ወደ ጌታሁን እንዞራለን።

ጠዋትና ማታ እንለካዋለን። እኔ ነጭ የጥጥ ክር ከአንገቱ ጫፍ ላይ እይዛለሁ፤ አባዬ ከወዲህ በኩል ይወጥራል፤ ጌታሁን ጎንበስ ብሎ በጎን ያያል። መጀመሪያ ክሩ መሃል ላይ ይነካ ነበር። አባዬ "ቀጥ አርገህ ያዝ፣ የወንድምህ ነው" ይለኛል። ዓርብ ማታ ከክሩ ሥር የጥፍር ውፍረት የምታክል ብርሃን ታየች። ጌታሁን ብድግ ብሎ ቃኘው፤ እኔም ጫፉን ነከስኩ። ጠርቷል። ራሴን ሳልነቀንቅ ዝም ብዬ አየሁት። ገባው።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። በእውነተኛው አምፕሊፋየር ያ እኛ ቤት ሲንሾካሾክ የነበረ ነገር ወለሉን አንቀጠቀጠው፤ በእግሬ ገብቶ ሆዴ ውስጥ ተቀመጠ። አባዬ መድረኩን አላየም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሊቀመንበሩን ፊት ነበር የሚያየው። ሊቀመንበሩ ቆሞ ሲያጨበጭብ አባዬ እንደ ላላ ድር ግድግዳው ላይ ተደገፈ። አንደኛ ወጡ። እማዬ እልል አለች።

ከዚያ ከከፍተኛው የመጣው እንግዳ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። ያሸነፈው ቡድን በቅርቡ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ በግንባር ያለውን ሠራዊት ያነቃቃል አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አባዬም ሰው ስላጨበጨበ አጨበጨበ። ነገሩ የገባው እጁ ከቆመ በኋላ ነው።

ለጉዞው ከላይ አዲስ ክር ተሰጣቸው። ጌታሁን እቤት ቁጭ ብሎ የተቀቀሉትን አሮጌዎች ፈትቶ አዲሶቹን አሠረ። እማዬ ከቡልኮው ማኅደር ሰፋችለት። ሲወጣ አባዬን ጉልበቱን ሳመና "አሁንስ እኔው ነኝ የምይዘው፤ እርስዎ ይረፉ" አለው፤ ሊያስቀው ነበር። አባዬ አልሳቀም። አንድ ጊዜ "ደህና ነኝ" የሚል ቃል በሰው ላከ። ከዚያ ዝም። መንግሥት ሲወድቅ ወታደሩ በሰሜኑ መንገድ እየለመነ ወረደ፤ እማዬ አዲሱ ገበያ ቆማ የእያንዳንዱን ፊት ታይ ነበር። ማታ ስትገባ አንጠይቃትም።

ጌታሁን ፈትቶ ከተዋቸው ክሮች ወፍራሟን ወስዶ፣ አባዬ ድሩን ከምሰሶው ጋር አሰረባት። እስኪሞት ድረስ ማታ ማታ ድሩን እያላላ፣ ያቺን ግን ሳይነካ አለፈ። አንድ ቀን ልፈታት ብል "ተዋት፣ እሱ ሲመጣ" አለኝ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም፤ እኔም ተውኳት።

አሁን ከጎኔ የጴንጤዎች ቤት አለ፤ ልጃቸው ናቲ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ቤዝ ይጫወታል። ክሩን አዲስ ከሱቅ ይገዛል፣ በስልኩ ይቃኛል። አንዳንዴ ጢዝ ይልበታል፤ ይስቅና ይቀጥላል። ሲሳሳት በሩ ላይ የሚቆም ሰው የለም። የዛሬውም ዘመን የራሱ ጭንቅ አለው፤ አላሞግሰውም። ግን አንድ ልጅ ደስ ስላለው ብቻ ቤዝ ሲመታ በግድግዳ ማዶ መስማት፣ እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ያስቀናኝ ነበር። እኛ ቤት ያ ድምፅ ደስታ ሆኖ አያውቅም።

ባለፈው ክረምት ናቲ ጋቢ ሊወስድ ገባ። ሥራ ፈትቼ ምሰሶው ላይ ራሴን አስደግፌ ተቀምጫለሁ። ዓይኑ ሽቦዋ ላይ ዋለ።

"ጋሼ! ይቺ እኮ የቤዝ ክር ናት። ወፍራሟ።"

ከስንት ገዢ ያወቃት እሱ ብቻ ነው። መልስ ሳልሰጠው ጣቱን ሰዶ መታት። ዱም አለች። በምሰሶው አልፋ፣ በጭንቅላቴ ገብታ፣ መንጋጋዬ ላይ ቆመች፤ እዚያው የዱሮ ቦታዋ።

"ኧረ ሞታለች፣ ጋሼ። ይፍቱልኝና አዲስ ላምጣልዎት?"

ተዋት ልለው አፌን ከፈትኩ።

"ድገማት" አልኩት።