የሔልጋ እራት

አዳማ ከምማርበት ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ሴሚስተር ወደ ጀርመን ሲልኩኝ ስለ ባህል ልዩነት ሥልጠና ተሰጥቶኝ ነበር። ሰዓት አክብር፣ ዕድሜ አትጠይቅ ተብያለሁ። ስለ እራት ግን ማንም አልነገረኝም።

ያረፍኩት ሔልጋ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ነርስ ቤት ነው። የመጀመሪያ ቀን ድስቱን ወደ እኔ አስጠግተው በእንግሊዝኛ «ልጨምርልህ?» አሉኝ። ርቦኛል፤ ግን እንግዳ ነኝና እንደ አገሬ ወግ «ኧረ በቃኝ» አልኩ። ይለምኑኛል ብዬ ስጠብቅ ክዳኑን ገጥመው አነሡት። በማግስቱም ያው ነው። በአፌ «በቃኝ» እያልኩ ድስቱን በዓይኔ እስከ ማድቤት እሸኘዋለሁ። ሱሪዬ ይሰፋኝ ጀመር።

አንድ ቀን እናቴ ከአዳማ በቪዲዮ ደውላ ገና ፊቴን ስታይ ጮኸች።

«ውይ ልጄን! ከስተሃል እኮ! ካልለመኑት አይበላም በላቸው ለሴትየዋ!»

ሔልጋ አጠገቤ ነበሩ። «ምን እያሉ ነው?» አሉኝ።

«ስለ ደግነትዎ እያመሰገነችዎት ነው።»

ከእናቴ ኋላ የቆመችው፣ ለክፉ ቀን ብዬ የሔልጋን ስልክ ቁጥር የሰጠኋት እህቴ፣ እንግሊዝኛ ትችላለችና ውሸቴን ሰምታ በሳቅ ፈረሰች።

በሚቀጥለው እራት እንደ ልማዴ «በቃኝ» አልኩ። ሔልጋ ድስቱን አላነሡም፤ እንደገና ጠየቁኝ። ይሉኝታ ይዞኝ አሁንም «በቃኝ» አልኩ። ጭልፋውን ሞልተው ሳህኔ ላይ ገለበጡና፣ በተኮላተፈ አማርኛ፣ «በሞቴ!» አሉኝ።

እንባዬ መጣ። ምን ብዬ እንደማመሰግናቸው ስፈልግ፣ ዳቦው ላይ ካስደገፉት ስልካቸው የእናቴ ድምፅ ተሰማ፦

«ሔልጋዬ፣ ተባረኪ! በይ አንዴ ድገሚለት!»